«ሲስተም የለም»፦ ስለ መንግሥት ሠራተኛው የዲጂታል ሥልጠናና ስለ ስያሜዎቹ የቀረበ ሂስ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ጉዳዩን ለማስፈጸም የቆመ ባለጉዳይ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፤ «ሲስተም የለም» የምትለዋ ናት። ሁለት ቃላት ብቻ ናት። ባለቤቷ ትውስት ቃል ቢሆንም ማሠሪያ አንቀጿ ንጹሕ አማርኛ ስለ ሆነ ሰዋስዋዊ ስሕተት የለባትም። ይሁን እንጂ ምን ማለት እንደ ሆነች ተናጋሪውም ሰሚውም በትክክል አያውቅም። መብራት ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ኔትወርክ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል፤ መዝገቡ የሚገኝበት ዋናው ኮምፒዩተር፣ ማለትም ሰርቨሩ፣ ሥራ አቁሞ ሊሆን ይችላል፤ ሠራተኛው የመግቢያ ፈቃድ አልተሰጠው ይሆናል፤ ወይም ደግሞ የተጠየቀውን ሥራ በኮምፒዩተር እንዴት እንደሚሠራው አላወቀ ይሆናል። እነዚህ አምስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ መፍትሔያቸው ይለያያል፤ ተጠያቂያቸውም እንዲሁ። ዐረፍተ ነገሪቱ ግን አምስቱንም በአንድ ከረጢት ከትታ ታስራቸዋለች። ባለጉዳዩም «ነገ ይመለሱ» ተብሎ ይሸኛል።

«ሲስተም»ን በአማርኛ እንተካው ብለን በተለምዶ የሚሰጠውን «ሥርዓት» የሚል አቻ ብናስገባ ደግሞ ሠራተኛው በመስኮቱ በኩል «ሥርዓት የለም» ሊል ነው። ያን ጊዜ ባለጉዳዩ «ይህንንስ እኔም ዐውቄዋለሁ» ብሎ ቢመልስ አይፈረድበትም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመንግሥት ሠራተኛውን ለመክሰስ አይደለም። መንግሥት አገልግሎቱን ከወረቀት ወደ ዲጂታል አሠራር ለማዛወር ሲነሣ ሠራተኛው በየትኞቹ ቃላት እንደሚሠለጥን ለመመርመርና የተሳኩትን ስያሜዎች ካልተሳኩት ለመለየት ነው። ጉዳዩ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ብቻ የሚተው ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም አንድ ቃል በመዝገብ ቤት ሠራተኛ አፍ ላይ ሲዛባ የሚጎዳው መዝገበ ቃላቱ ሳይሆን ከመስኮቱ ማዶ የቆመው ሰው ነው።

እንደሚታወቀው «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ብሔራዊ ስትራቴጂ በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀው በ2012 ዓ.ም. ነው። ከርእሱ ጀምሮ አንድ ነገር ልብ ይሏል። «2025» የተባለው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ነገር ግን «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት አልተደረገበትም። ደብዳቤውን ሁሉ በዓ.ም. የሚጽፍ የወረዳ ሠራተኛ ርእሱን እንደ ልማዱ ቢያነበው የዕቅዱን ማብቂያ ሰባት ዓመት ያህል ወደ ፊት ይገፋዋል። ይህ ቀላል ነገር ነው ይባል ይሆናል። ቀላል ቢሆንም ዕቅዱ ሲነደፍ በየትኛው ቋንቋ እንደ ታሰበ ይነግረናል።

ከስትራቴጂው በፊትም ወረዳዎችን ከበላይ መሥሪያ ቤቶች ጋር ለማገናኘት በ1990ዎቹ ዓ.ም. «ወረዳ ኔት» ተዘርግቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012፣ የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ታውጀዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተጀመረ፤ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የብዙ መሥሪያ ቤቶችን አገልግሎት በአንድ ጣራ ሥር የሚሰጠው «መሶብ» በአዲስ አበባ ተከፈተ። ሕጉም ሕንፃውም እየቀደመ ነው፤ ቃሉ ግን ገና ከኋላ ይከተላል።

የተሳኩትን ስያሜዎች ማመስገን ተገቢ ስለ ሆነ ከእነርሱ እንጀምር። «መሶብ» የሚለውን ስም የመረጠ ሰው የቃላት ፍጠራን ጥበብ ያውቃል። ቃሉ አዲስ አይደለም፤ በየቤቱ ያለ ዕቃ ነው፤ ብዙ ሰው ከአንድ ገበታ እንደሚበላ ሁሉ ብዙ አገልግሎት ከአንድ ቦታ ይገኛል የሚለውን ሐሳብ ያለ ማብራሪያ ይዞ ይመጣል። «ፋይዳ»ም እንዲሁ ነው። ከዐረብኛ ገብቶ ከኖረ ዘመን የቆጠረ፣ ጥቅምንና ቁም ነገርን የሚያመለክት ቃል ሲሆን 12 አኃዝ ላለው የመታወቂያ ቁጥር ስም ሆኖ ሲወጣ ማንም አልተደናገረም። «ቴሌብር»ም ትውስቱን «ቴሌ» ከገዛ «ብራችን» ጋር አጣምሮ በአንድ ጊዜ አገር ለምዶታል። በሦስቱም የፈጠራው ዘዴ የታወቀ ነው፤ ነባር ቃልን ፍቺውን ማስፋት ወይም ማጣመር። እነዚህ ቃላት ለሠራተኛው ሥልጠና አላስፈለጋቸውም።

ሆኖም ሦስቱም የአገልግሎት መጠሪያዎች ናቸው፤ ለሕዝብ የሚነገሩ፣ በሰሌዳ ላይ የሚሰቀሉ ስሞች ናቸው። ሠራተኛው ከጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ለዕለት ሥራው የሚያስፈልጉት ቃላት ግን እንዲህ ያለ አሳቢ አላገኙም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገኝ አንድ መሥሪያ ቤት በተዘጋጀ የሦስት ቀን ሥልጠና ላይ ተገኝቼ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ወይዘሮ በመዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ ናቸው። ወጣቱ አሠልጣኝ «አታችመንቱን አፕሎድ አድርጋችሁ፣ ለኃላፊው ሲሲ አድርጋችሁ ሴንድ በሉት» አለ። ወይዘሮዋ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ምን አለ ልጄ?» ሲሉ በሹክሹክታ ጠየቁኝ። «አባሪውን ያያይዙና ለኃላፊው በግልባጭ ይላኩት ነው የሚለው» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ይህንን ሠላሳ ዓመት ስሠራው የኖርኩት አይደለም እንዴ!» አሉ።

ከብዙ ገጽ ሂስ ይልቅ ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ትበቃ ነበር። የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት ለጽሕፈት ሥራ የሚሆን የራሱ የዳበረ የቃላት ሀብት አለው። «ግልባጭ» አለው፣ «አባሪ» አለው፣ «መሸኛ» አለው፤ የገጹ አናት «ራስጌ»፣ እግሩ «ግርጌ» ነው፤ ያልጸደቀው ጽሑፍ «ረቂቅ» ነው፤ ደብዳቤው «ገቢ»ና «ወጪ» ነው፤ ጉዳዩ የሚታሰረው በ«ዶሴ» ወይም በ«ክላሰር» ነው፤ የሚጸናው በፊርማ፣ በማኅተምና በ«ቲተር» ነው። ከእነዚህ ውስጥ ከፊሉ ግእዝ፣ ከፊሉ አማርኛ፣ ከፊሉ ከፈረንሳይኛና ከሌላም ተውሶ የተለመደ ነው፤ ሠራተኛው ግን መነሻቸውን ሳይጠይቅ ሁሉንም በእኩል ያዝዛቸዋል።

የሚያስገርመው እንግሊዝኛው ራሱ ያደረገው ይህንኑ መሆኑ ነው። አሠልጣኙ «ሲሲ» ያለው ምሕጻረ ቃል ከአሮጌው የካርቦን ቅጂ የመጣ ነው፤ የጽሕፈት መኪና ላይ በሁለት ወረቀቶች መካከል ይገባ የነበረውን ጥቁር ካርቦን የሚያስታውሱ የእኛ ታይፒስቶችም ዛሬ በሕይወት አሉ። «ፋይል» እና «ፎልደር» የተባሉትም ከእንጨት መደርደሪያ ላይ ወርደው ኮምፒዩተር ውስጥ የገቡ ቃላት ናቸው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው የቢሮ ቃላቱን ፍቺ አስፍቶ ሲጠቀምባቸው እኛ የሰፋውን ፍቺ ብቻ፣ ከመሠረቱ ነጥለን፣ በባዕድ ድምፅ አስመጣነው። በዚህም የተነሣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥራውን የሚያውቀው ሰው በሥልጠናው ክፍል ውስጥ እንደ ጀማሪ ተቆጠረ።

በዚህ አነጋገር ትውስት ቃላት ሁሉ ይጥፉ ማለቴ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ። «ስልክ» በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው፤ ዛሬ ስልካችን ሽቦ የለውም፤ በዚህ የተቸገረ ሰው ግን የለም። «መኪና» እና «ፖስታ»ን ከጣልያንኛ ወስደን የራሳችን አድርገናል። ከዚያም አልፎ ቋንቋው በውሰቱ ዙሪያ የራሱን ግሥ ያበጃል፤ ስልክ «ይደወላል»፣ ፎቶ «ይነሣል»፣ ካርድ «ይሞላል»። «ካርድ ሞላሁ» የሚለውን አነጋገር የደነገገ ኮሚቴ አልነበረም፤ ሆኖም ከዚህ የተሻለ አይገኝለትም። «ዲጂታል» የሚለውንም በዚሁ ምክንያት ባይነካ እመርጣለሁ። ሥሩ በላቲን ጣትን፣ ከጣትም ቁጥርን የሚያመለክት ስለ ሆነ «አኃዛዊ» ይባል የሚሉ አሉ። ነገር ግን «አኃዛዊ መረጃ» ለስታቲስቲክስ ከተሰጠ ቆይቷል፤ አንዱን ቃል ለሁለት ጌታ ማስገዛት አያዋጣም። ጭቅጭቁ በውሰት ላይ አይደለም። ጭቅጭቁ አቻው በእጃችን እያለ በመዋሳችን፣ አንዳንዴም አማርኛ ብለን ያወጣነው ቃል ከውሰቱ የባሰ የሚያሳስት በመሆኑ ላይ ነው።

ለሁለተኛው ዓይነት «ጫነ» የሚለው ግሥ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአማርኛ በተዘጋጁ ፕሮግራሞችና የሥልጠና ጽሑፎች ውስጥ አዲስ ፕሮግራም በኮምፒዩተሩ ላይ ማኖር «መጫን» ነው። ከራስ ኮምፒዩተር ወደ ሰርቨር ፋይል መላክም በብዙዎች ዘንድ «መጫን» ነው። ገጹ ተከፍቶ እስኪያልቅ ያለው ጊዜ «በመጫን ላይ» ይባላል። ቁልፍን በጣት መጫንም በዚያው ሥር ነው። እንግዲህ «ፋይሉን ለመጫን፣ መጫኛውን ተጭነው፣ ተጭኖ እስኪያልቅ ይጠብቁ» የሚል መመሪያ ቢጻፍ ሰዋስዉ የተስተካከለ፣ ፍቺው ግን የማይጨበጥ ይሆናል። በቅሎ ጫኝ አባቶቻችን እንኳ በዚህ ሁሉ ጭነት ይደክማቸው ነበር። ወደ ላይ ለመላክ «መስቀል»፣ ወደ ታች ለማምጣት «ማውረድ» የሚለው ጥንድ ስያሜ ከዚህ የተሻለ ነው። «ስቀል» ሲባል ስቅለትን የሚያስቡ ይኖራሉ ተብሎ ሲነቀፍ ሰምቻለሁ፤ ነገር ግን ኮቱን ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሰው ስቅለትን አያስብም። ጥንዱ አንዱ ሌላውን ስለሚያስታውስ ለተማሪ ይቀላል። «መጫን» ፕሮግራምን ለማኖር ብቻ ይተው፤ ለጣት ደግሞ «ነካ ማድረግ» ይበቃል፤ የዛሬው የስልክ ገጽ ራሱ የሚጠይቀው መንካትን እንጂ መጫንን አይደለም።

«ተጠቃሚ» የሚለውም ያልጠራ ስያሜ ነው። «የሲስተሙ ተጠቃሚ» ሲባል በኮምፒዩተሩ የሚሠራው ሠራተኛ ነው ወይስ በአገልግሎቱ የሚጠቀመው ባለጉዳይ? በአንድ መመሪያ ውስጥ ሁለቱም በዚሁ ስም ተጠርተው፣ በየትኛው ቦታ የማን ግዴታ እንደ ተጻፈ ለመለየት ገጹን ሦስት ጊዜ ማንበብ አስፈልጎኛል። «ባለጉዳይ» የሚለው ቃል ምን አጥፍቶ ተጣለ? በእርሱ ፈንታ «ደንበኛ»፣ «ተገልጋይ»፣ «ተጠቃሚ» ተፈራርቀዋል፤ ሦስቱም መንግሥትን ወደ ሱቅነት ወይም ወደ ምጽዋት ሰጪነት የሚያስጠጉ ናቸው። «ባለጉዳይ» ግን ጉዳዩ የራሱ እንደ ሆነ ይመሰክርለታል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው የሕጉ ቋንቋ ነው፤ ምክንያቱም በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ሲለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። የአዋጅ ቁጥር 1205/2012 ርእስ በእንግሊዝኛው የትኛውንም በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚደረግ የልውውጥ ተግባር የሚያቅፍ ቃል ሲሆን በአማርኛው «ግብይት» ተብሏል። «ግብይት» ገበያን ይጠራል፤ ገዥና ሻጭ፣ ዋጋና ሸቀጥ። አዋጁ ግን ንግድን ብቻ ሳይሆን መንግሥት በኤሌክትሮኒክ ዘዴ የሚሰጠውን አገልግሎትም ይመለከታል። የልደት የምስክር ወረቀት ለማውጣት በኮምፒዩተር የቀረበ ማመልከቻ ግብይት ነውን? ሠራተኛው ርእሱን አይቶ «ይህ የንግድ ሚኒስቴር ጉዳይ ነው» ብሎ ቢያልፈው አልፈርድበትም። «ልውውጥ» ወይም «የኤሌክትሮኒክ ተግባር» ቢባል ኖሮ ሰፋ ባለ ነበር።

በ«መረጃ» ዙሪያ ያለው ውዥንብር ደግሞ ከዚህም የጠለቀ ነው። የመረጃ ነፃነትን በደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 «መረጃ» ማንም ዜጋ ሊጠይቀው የሚችል ዕውቀት ነው። በብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት ስም ውስጥ ደግሞ «መረጃ» በምስጢር የሚሰበሰብ ስለላ ነው። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ይህንን ድርብ ፍቺ ለመሸሽ ይመስላል «ኢንፎርሜሽን» የሚለውን ውሰት መርጧል፤ ይሁን እንጂ ለ«ኔትወርክ» ነባሩን «መረብ» ስላስገባ በአንድ ስም ውስጥ ሁለቱም ዘዴዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። የ1321/2016 አዋጅ በበኩሉ «የግል ዳታ» ብሏል። በችሎት ደግሞ «ማስረጃ» አለ፤ ከአንድ ሥር የተወለደ ነው።

ይህ ለሠራተኛው ምን ያደርግበታል? «መረጃ አትስጡ» የሚል ማስጠንቀቂያ በደኅንነት ሥልጠና ላይ ይሰማል፤ «መረጃ መስጠት ግዴታ ነው» የሚል ደግሞ በመልካም አስተዳደር ሥልጠና ላይ ይሰማል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ስለ ሰው የግል ዝርዝር፣ ሁለተኛው ስለ መሥሪያ ቤቱ አሠራር ነው። አንድ ቃል ሁለቱን ስለሸፈናቸው ሠራተኛው ራሱን ለመጠበቅ ሲል ሁሉንም ይከለክላል፤ ወይም ሳያስብ ሁሉንም ይሰጣል፤ የባለጉዳይ ስልክ ቁጥርና አድራሻ የተጻፈበት ወረቀት በሰሌዳ ላይ ተለጥፎ የምናየው በዚህ የተነሣ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ የ1321ን አርቃቂዎች እደግፋለሁ፤ ጥሬው፣ ገና ያልተተረጎመው «ዳታ» ይባል፤ ተሰናድቶ ትርጉም የሚሰጠው «መረጃ» ይሁን። «የግል ዳታ» የሚለውን ሐረግ ሠራተኛው አንድ ጊዜ በሚገባ ቢማረው ከየትኛውም የፕሮግራም አጠቃቀም ይበልጥ ይጠቅመዋል።

«ዲጂታላይዜሽን» የሚለውን ቃል ሳልነካ ማለፍ አልችልም፤ ሪፖርት የሚጽፍ ሁሉ የሚወደው ቃል ነውና። በባለሙያዎች ዘንድ ሦስት ደረጃዎች ይለያሉ። የመጀመሪያው ወረቀቱን በስካነር አንሥቶ በኮምፒዩተር ማስቀመጥ ነው፤ ሁለተኛው ሥራው ራሱ፣ ከማመልከቻው እስከ ውሳኔው፣ በኮምፒዩተር እንዲካሄድ ማድረግ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ በዚህ ምክንያት መሥሪያ ቤቱ የማያስፈልጉትን ደረጃዎች ሰርዞ አሠራሩን እንደ አዲስ ማዋቀሩ ነው። በአማርኛው ሪፖርት ሦስቱም «ዲጂታላይዝ ተደርጓል» ናቸው። ስለዚህ ዶሴዎቹን በስካነር ያነሣ መሥሪያ ቤት ሥራውን እንደ ጨረሰ ይቆጠራል፤ ባለጉዳዩ ግን አሁንም ሰባት ቢሮ ይዞራል፤ አዲሱ ነገር ቢኖር ሰባቱም ቢሮዎች ኮምፒዩተር ያላቸው መሆኑ ነው። ለመጀመሪያው «ወደ ዲጂታል መገልበጥ» ቢባል ደስ ይለኛል፤ «ግልባጭ»ን የሚያውቅ ሠራተኛ ግልባጭ ብቻ እንደ ሠራ ወዲያው ይገባዋልና። ለሁለተኛው «በዲጂታል መሥራት»፣ ለሦስተኛው «የአሠራር ለውጥ» ይበቃል። «ሽግግር» የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን ቃሉ ከ1983 እስከ 1987 ዓ.ም. የነበረውን የሽግግር መንግሥት ስለሚያስታውስ ጊዜያዊነትን ያዘለ ነው።

ስለ ይለፍ ቃል አንድ ነገር ልበል። ስያሜው በራሱ ያማረ ነው፤ የዘበኛን «ይለፍ!» ያስታውሳል። ነገር ግን ቃሉ ማለፍን እንጂ መደበቅን አይናገርም። አንድ ጊዜ በአንድ ቢሮ ግድግዳ ላይ የአንዲት ሠራተኛ የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ ተለጥፎ አየሁ። ለምን እንደ ሆነ ብጠይቅ «እርሷ ስትቀር ሥራ እንዳይቆም» ተባልኩ። ቅን ሐሳብ ነው፤ ክፋት የለበትም። እዚያው ቢሮ ግን ማኅተሙ በካዝና ተቆልፎ ነበር፤ ኃላፊው ቁልፉን ለማንም አይሰጥም። ለመሆኑ በዚያች ሠራተኛ ስም መዝገብ ቢፋቅ፣ ቢደለዝ፣ ማን ሊጠየቅ ነው? ሠራተኛዋ የይለፍ ቃሏ ማኅተሟ መሆኑን የነገራት አልነበረም። ባንኮች ለገንዘብ መክፈያ ካርድ «የምስጢር ቁጥር» ብለው ማስለመዳቸው ትክክል ነው፤ ቃሉ ራሱ ተማሪውን ያስጠነቅቀዋል። «የምስጢር ቃል» የሚለው በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ቢጸና ግማሹን ሥልጠና ስሙ ይሠራዋል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የጨዋታ አይደለም፤ ቃሉን ማዋስ ፊርማን ማዋስ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ፊደላችን እንመለስ። ስለ ሞክሼ ሆሄያት ያለው ክርክር የቆየ ነው፤ አንባብያንም እስኪሰለቻቸው ሰምተውታል። በወረቀት ዘመን ክርክሩ የምሁራን ነበር፤ በኮምፒዩተር ዘመን ግን የባለጉዳይ ሆኗል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ኮምፒዩተሩ ድምፅ አይሰማም፤ ቁጥር ብቻ ያነጻጽራል። «ፀሐይ» የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ሆሄ «ፀ» ወይም «ጸ» ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው «ሀ»፣ «ሃ»፣ «ሐ»፣ «ሓ»፣ «ኀ» ወይም «ኃ» ሊሆን ይችላል። ሁለት በስድስት ሲባዛ 12 ነው። ይህን ስም የያዘች አንዲት ሴት በማሽኑ ፊት አሥራ ሁለት ሴቶች ልትሆን ትችላለች ማለት ነው። የመዘገባት ሠራተኛ በአንዱ ጽፎ፣ የሚፈልጋት ሠራተኛ በሌላው ሲጽፍ ማሽኑ «አልተገኘም» ይላል። ሠራተኛውም በመስኮቱ በኩል «ስምዎ ሲስተም ውስጥ የለም» ይላቸዋል። ለጡረታ አበል የመጡ እናት ስማቸው እንደ ሌለ ሲነገራቸው ምን እንደሚሰማቸው አንባቢ ይገምት።

ለዚህ ሁለት መፍትሔዎች አሉ። ፕሮግራሙን የሚሠሩት ባለሙያዎች ሞክሼዎቹን በፍለጋ ጊዜ አንድ አድርገው እንዲያነጻጽሩ ማድረግ ይችላሉ፤ ከባድ ሥራ አይደለም። ይህ እስኪሆን ድረስ ግን ሠራተኛው በሌላ ሆሄ ደግሞ መፈለግን መማር አለበት። ባየኋቸው የሥልጠና ጽሑፎች ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ አንድም መስመር አላገኘሁም፤ ምክንያቱም ጽሑፎቹ የተቀዱት ሞክሼ ሆሄ ከሌለባቸው አገሮች ነው። በቀድሞዎቹ የግእዝ ፕሮግራሞች የተጻፉት አሮጌ ሰነዶች በአዲስ ኮምፒዩተር ሲከፈቱ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ የሚሆኑትም፣ የልደት ቀኑ ጳጉሜን የሆነ ሰው ቅጹ አልቀበልም የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። እነዚህ በሌላ አገር መጽሐፍ ውስጥ የማይገኙ፣ የእኛው የሆኑ ዲጂታል ችግሮች ናቸው።

በመጨረሻም ስለ አንድ የሚያሳፍር ሐረግ። በየስብሰባው «ዲጂታል መሃይምነትን ማጥፋት» ሲባል ይሰማል። «መሃይም» በግእዝ መነሻው ምእመንን፣ አማኝን ያመለክት ነበር፤ ካህን ካልሆነው ምእመን ተነሥቶ ያልተማረ ወደሚለው ፍቺ ወረደ። ሠላሳ ዓመት መዝገብ የጠበቀን ሰው በዚህ ስም ጠርቶ ለሥልጠና መጋበዝ መልካም አጀማመር አይደለም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እንኳ በስሙ ላይ ያኖረው «መሠረት»ን ነው። ከዚያ ዘመቻ የሚወሰድ ሌላም ነገር አለ፤ ትምህርቱ ለተማሪው በሚያውቀው ቋንቋ ይሰጥ ነበር፤ ውሎ አድሮም የቋንቋዎቹ ቁጥር 15 ደርሶ ነበር። የዛሬው የዲጂታል ሥልጠና ግን የወረዳ ሠራተኛው ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ ወይም አፋርኛ እየሠራበት፣ ቃላቱን በእንግሊዝኛ እንዲይዝ ይጠብቃል። እዚህ የቀረቡት አማርኛ አቻዎች ለእነዚያ ቋንቋዎች ይተርጎሙ ማለት አይደለም፤ በየቋንቋው ያለው የቢሮ ቃል በየራሱ ሰው ይፈተሽ ነው። ስለ ኮደሮቹ ሥልጠና አልከራከርም፤ ፕሮግራም የሚጽፉ ወጣቶች ያስፈልጉናል። ነገር ግን «ኮደር» መሆንና ዶሴን በዲጂታል ማስተዳደር ሁለት ሙያዎች ናቸው፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሚያስፈልገው የኋለኛው ነው።

ለጊዜው በየመስኮቱ ቢለጠፍ የምመኘው አንድ ትንሽ ወረቀት ነው። «ሲስተም የለም» ይሰረዝና በምትኩ ሠራተኛው ከአምስቱ አንዱን ይበል፦ መብራት ጠፍቷል፤ ኔትወርክ ተቋርጧል፤ ሰርቨሩ ቆሟል፤ የመግቢያ ፈቃድ የለኝም፤ አሠራሩን አላውቀውም፣ የሚያውቅ ልጥራልዎት። አራቱን ለማስለመድ አንድ ቀን ይበቃል። አምስተኛውን ለማስለመድ ግን ሠራተኛው እንዲህ ብሎ በመናገሩ ከደመወዙም ከዕድገቱም እንደማይቀነስበት አስቀድሞ የሚነግረው አለቃ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለ አለቃ ባለበት አንድ ቢሮ ወረቀቱ ተለጥፎ ቢሞከርና ውጤቱ በዚሁ መጽሔት ቢጻፍልን ለሚቀጥለው የስያሜ ዝርዝር እንጠቀምበት ነበር።